ለእያንዳንዱ ሃይላንድ አንድ ሥራ፦ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስን ቤት ውስጥ መልሶ ለመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

እኛ አገር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ስሙ ሃይላንድ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ስም ምንም ይሁን፣ ሰው ሁሉ «እስቲ አንድ ሃይላንድ አቀብለኝ» ይላል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ በመኪና ስትሄዱ፣ ልጆች ከመንገድ ዳር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ሲጣሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ለእነሱ ባዶው ጠርሙስ ዕቃ ነው። ውሃ ይይዙበታል፣ ዘይት ይገዙበታል። ከተማ ውስጥ ግን ያው ጠርሙስ ውሃው እንዳለቀ ይወረወራል። ብዙው መጨረሻው ቱቦ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ቱቦው ይዘጋና ጎርፉ ወደ ሰው ቤት ይዞራል።

እኔም ለዓመታት «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያልኩ ከኩሽና በር ጀርባ ስከምር ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ክምሩን ሳነሳው ግማሹ ውስጡ ሻግቶ፣ ለስላሳ የነበረበት ደግሞ ጉንዳን ወሮት አገኘሁት። ያን ሁሉ አንድ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፤ ሥራ ያልተሰጠው ሃይላንድ ቤቴ አይሰነብትም። ወይ ሥራ ይሰጠዋል፣ ወይ ታጥፎ ለቆራሌው ይጠብቃል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ደንብ የመጣ ነው።

መጀመሪያ መለየት

ጠርሙሱን ገልብጡና ቂጡን እዩት። ሦስት ቀስቶች ሦስት ማዕዘን ሠርተው፣ መሐላቸው ቁጥር አለ። የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ 1 ቁጥር ነው። ፔት የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ማለት ነው። ወተት የመሰለው፣ ወፍራሙና ብርሃን አጥርቶ የማያሳልፈው ዕቃ ብዙ ጊዜ 2 ቁጥር ነው። የበረኪና ዕቃ፣ የሻምፑ ዕቃና ብዙው ጀሪካን እዚህ ይገባል። አንዳንድ ሰው 1 ቁጥርን «አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀም» ማለት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ቁጥሩ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ነው የሚናገረው።

ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ጥያቄ «ምን ነበረበት?» የሚለው ነው። ውሃ ወይም ለስላሳ የነበረበት ለምግብና ለውሃ ይሆናል። ዘይት የነበረበት ሽታው ቶሎ አይለቅም፣ የቀረው ዘይትም ይበላሻል። ስለዚህ ለአበባ፣ ለሳሙና ወይም ለምስማር ማስቀመጫ አድርጉት። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ-ተባይ የያዘ ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ወደ ምግብ አይመለስም። የፀረ-ተባይ ዕቃማ ለምንም ነገር አይሁን። ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት ብሱት።

የተሰነጠቀውን፣ ውስጡ የተጫረውንና ሽታ ያለውን ከአሁኑ አውጡት። ጭረት ውስጥ ቆሻሻ ይደበቃል፤ እጅ ደግሞ እዚያ ድረስ አይገባም።

ማጠብ

የሃይላንድ አስቸጋሪው ነገር አንገቱ ነው። ጠባብ ስለሆነ ስፖንጅ አይገባም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ለብ ያለ ውሃ እስከ ሩቡ እሞላለሁ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙና እጨምራለሁ፣ ከዚያ ግማሽ እፍኝ ጥሬ ሩዝ እጨምርበታለሁ። ክዳኑን ዘግቼ ለአንድ ደቂቃ በደንብ እንጠዋለሁ። ሩዙ ግድግዳውን ይፈትጋል። ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ ሁለት ሦስቴ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ክዳኑ ጥርሱ መሐል ቆሻሻ ስለሚይዝ እሱን ለብቻው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት።

የሚፈላ ውሃ አታፍሱበት። ፔት 70 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ይጨማደድና ቅርጹን ያጣል፤ እጃችሁንም ሊያቃጥል ይችላል።

የመጠጥ ውሃ ልታስቀምጡበት ከሆነ አንድ ደረጃ ጨምሩ። በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና በጥብጡ። ወደ ጠርሙሱ ገልብጡና ውስጡን ሁሉ እንዲነካ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆዩና ድፉት። ከዚያ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አድርቁ። በረኪናን ከሎሚም፣ ከሌላ ማጽጃም ጋር አታቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

እህል ልታስቀምጡበት ከሆነ ደግሞ ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ቀን ክፍቱን ይዋል። ጥግ ላይ የቀረች አንዲት ጠብታ ኪሎ ሙሉ ምስር ልታሻግት ትችላለች።

መቁረጥ

ለአበባም ሆነ ለሌላ ነገር ስትቆርጡ መስመሩ እንዳይጣመም አንድ ዘዴ አለ። ማርከር ብዕር በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አጋድማችሁ በአንድ እጅ ያዙት። ጫፉ ጠርሙሱን ነክቶ ይቁም። ከዚያ ብዕሩን ሳታንቀሳቅሱ ጠርሙሱን አዙሩት። ቀጥ ያለ መስመር ዙሪያውን ይወጣል።

ስትቆርጡ ክዳኑ ይዘጋ። ውስጡ ያለው አየር ጠርሙሱን ጠንከር ስለሚያደርገው ቢላዋው አያንሸራትትም። መጀመሪያ በምስማር ወይም በቢላዋ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ አበጁ፣ የቀረውን በመቀስ ጨርሱት። ይህ የአዋቂ ሥራ ነው። ልጆች መስመሩን ያስምሩ፣ አፈሩን ይሙሉ፤ ቢላዋውን ግን እናንተ ያዙት።

የተቆረጠ ጠርዝ ስለታም ነው። ካውያውን መጠነኛ ሙቀት ላይ አድርጉና መጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርጉበት። ጠርዙን ለጥቂት ሰከንድ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጉት። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ጠርዙ ድቡልቡል ይላል። መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

ለእህልና ለጥራጥሬ

ከሁሉም በላይ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ምስር፣ ሽንብራ፣ አተር ክክ፣ ስንዴ በፌስታል ስታስቀምጡ ነቀዝ ይገባል። ፌስታሉን ይበሳዋል፣ ወደ ሌላውም ይሻገራል። በደንብ የተዘጋ ሃይላንድ ግን አየር አያስገባም። ከሱቅ አብሮ የመጣ ነቀዝ ወይም እንቁላሉ ቢኖር እንኳ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ያልቅለታል። ገበሬዎች እህል በሚያስቀምጡባቸው አየር በማያስገቡ ከረጢቶች የሚሠራውም ይኸው ዘዴ ነው።

ለዚህ ግን እህሉ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ እህል ተዘግቶ ከተቀመጠ ነቀዙ ቢሞትም ሻጋታው ይቀጥላል። ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ጨው ይበቃል። እንዲህ ሞክሩት።

ጨውን መጥበሻ ላይ ሞቅ አድርጋችሁ አድርቁና ይብረድ። አንድ ደረቅ ሃይላንድ እስከ ሲሶው በእህሉ ሙሉት። ሁለት ሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ ዝጉት፣ ለአንድ ደቂቃ ነቅንቁት። ከዚያ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨዉ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ከቀረ እህሉ እርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ጨዉ ወደ ታች ከረገፈ ደርቋል ማለት ነው። ጨዉን በወንፊት ነፍታችሁ ታወጡታላችሁ።

እህሉ ከደረቀ በኋላ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ሙሉት። መታ መታ አድርጉት፣ ሲጎድል ጨምሩበት። ውስጡ የሚቀረው አየር ባነሰ ቁጥር ነቀዙ ቶሎ ይሞታል። ባለ 2 ሊትሩ 1.5 ኪሎ ገደማ ምስር ይይዛል። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ለሁለት ሦስት ሳምንት አትክፈቱት። አሥር ጠርሙስ ብትሞሉ አንዱን ብቻ እየከፈታችሁ ተጠቀሙ። ሌሎቹ እንደተዘጉ ይቆዩ። ለዘር የምታስቀምጡት ባቄላ ወይም በቆሎ ካለም እንዲሁ ይሆናል።

ለመሙላት ሌላ ሃይላንድ ከላይ ሲሶው ላይ ቆርጣችሁ ገልብጡት። እሱ ማስገልበጫ ይሆናችኋል። ሽሮና በርበሬ ግን በጠባብ አንገት አይወርዱም። ለእነሱ አፈ ሰፊ ዕቃ ፈልጉ። በርበሬ የገባበት ሃይላንድም ሌላ ነገር አይግባበት፤ ሽታው እዚያው ይቀራል። ጥርት ያለ ጠርሙስ ብርሃን ስለሚያስገባ በርበሬው ቀለሙ እንዳይለቅ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።

ስንቆርጥ የተረፈው አንገትም ሥራ አለው። የፌስታሉን አፍ በአንገቱ ውስጥ አሳልፋችሁ ወደ ውጭ ገልብጡትና ክዳኑን ከላይ ጠምዝዙት። ክሩ ሳይፈታ የሚዘጋና የሚከፈት ከረጢት አገኛችሁ።

ራሱን የሚያጠጣ መደብ

የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ወይም የጥብስ ቅጠል ማብቀል ይቻላል። ችግሩ ውሃው ነው። ሁለት ቀን ከቤት ከጠፋችሁ ሁሉም ይደርቃል። ይህ መደብ ከታች ባለው ውሃ ራሱን ያጠጣል።

1. ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ከላይ ከሲሶው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለት ክፍል ይሆናል፤ አንገት ያለው የላይኛውና ጽዋ የመሰለው የታችኛው።

2. ክዳኑን መሐሉ ላይ በጋለ ምስማር ብሱት። የምስማሩን ራስ በፒንሳ ያዙ። ቀዳዳው የጫማ ክር የሚያሳልፍ ይሁን።

3. ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከጥጥ ካናቴራ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ጨርቅ ቅደዱ። ግድ ጥጥ መሆን አለበት። ናይለን ውሃ አይስብም። በቀዳዳው አሳልፉና ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች እንዲሆን ቋጥሩት።

4. ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙት። የላይኛውን ክፍል ገልብጡና አንገቱ ወደ ታች ሆኖ ጽዋው ውስጥ ይቀመጥ።

5. አፈር ሙሉበት። እኔ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ እቀላቅላለሁ። ጨርቁ ከታች ተጠቅልሎ እንዳይቀር አፈሩ መሐል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት።

6. መጀመሪያ ከላይ አጠጡት። ጨርቁ ራሱ መራስ አለበት፣ አለበለዚያ መሳብ አይጀምርም። ከዚያ ጽዋውን ውሃ ሙሉና ችግኙን ትከሉ።

ጽዋው በብርሃን ከቆየ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ጥቁር ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት ጠቅልሉበት። ወባና ትንኝ ባለበት አካባቢ ደግሞ በአንዱ ክፍልና በሌላው መሐል ክፍተት አትተዉ፤ የቆመ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው። ቃሪያና ቲማቲም ሥራቸው ሰፊ ስለሆነ ለዚህ አይመቹም። ለእነሱ የተቆረጠ ጀሪካን ይሻላል።

ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እነዚህ ሁለቱ ብቻ ብዙ ያግዛሉ።

ለእጅ መታጠቢያው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከቂጡ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በቀጭን ምስማር ይበሳል። ቀዳዳውን በጣት ይዛችሁ ውሃ ሙሉና ክዳኑን ጥብቅ አድርጉ። ውሃው ይቆማል። ክዳኑን ላላ ስታደርጉ ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ ስታጠብቁ መልሶ ይቆማል። አየር ከላይ ካልገባ ውሃው መውጣት ስለማይችል ነው። አጥር ላይ እሰሩት፣ ሳሙና በካልሲ አድርጋችሁ አጠገቡ ስቀሉ። ልጆች ክዳኑን መክፈትና መዝጋት ስለሚወዱ እጃቸውን ሳይለመኑ ይታጠባሉ።

ለሽንት ቤቱ ደግሞ የ1 ሊትር ጠርሙስ ትንሽ አሸዋና ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ሳጥን ውስጥ አቁሙት። ተንሳፋፊውን ኳስ እንዳይነካ ጥግ ይያዝ። በእያንዳንዱ ጊዜ 1 ሊትር ይቀርላችኋል። አምስት ሰው በቀን አራት አራት ጊዜ ቢጠቀም 20 ሊትር፣ ማለት አንድ ጀሪካን ነው። አንዴ መልቀቅ የማይበቃና ሁለቴ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ጥቅሙ ጠፋ። በግማሽ ሊትር ቀይሩት።

ውሃን በፀሐይ ማከም

ክፍለ ሀገር ወላጅ ወይም ዘመድ ላላችሁ ይህን ንገሯቸው። ማገዶ በሌለበት፣ የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት ቦታ ጥርት ያለ ሃይላንድና ፀሐይ ብዙ ጀርም ይገድላሉ። ሥራው የፀሐይ ጨረር ነው፤ ሙቀቱም ያግዘዋል።

ጠርሙሱ ቀለም የሌለው፣ ያልተጫረ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ይሁን። ወረቀቱ ይላጥ። መጀመሪያ ውሃው ጥርት ያለ መሆኑን እዩ። የሞላውን ጠርሙስ ጋዜጣ ላይ አቁሙና ከላይ በአፉ በኩል ተመልከቱ። የትልልቁ ርዕስ ፊደል ካልተነበበ ውሃው ደፍርሷል። አስቀምጡት ይጥለል፣ በንጹሕ ጨርቅም አጥሩት። ሲጠራ ሦስት አራተኛ ሙሉ፣ 20 ሰከንድ ነቅንቁ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሙሉትና ዝጉ። ጠዋት ቆርቆሮ ጣራ ላይ አጋድሙት። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ቢያንስ 6 ሰዓት ይበቃል። ከሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን በተከታታይ ይዋል። ክረምት ቀኑን ሙሉ በሚዘንብበት ጊዜ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ አፍሉት ወይም የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ተጠቀሙ። ከዚያው ጠርሙስ ጠጡት፣ ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች። እዚያ ብዙ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን፣ ጥርስ የሚያበልዘውንና አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድ ፀሐይም ሆነ ማፍላት አያወጣውም።

ፈጽሞ የማይደረግ

ነጭ ጋዝ፣ በረኪና፣ አሲድ ወይም የአይጥ መርዝ በውሃ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ጽፌበታለሁ ብላችሁም አታስቀምጡ፤ ሕፃን ጽሑፍ አያነብም። ባደግኩበት ሰፈር አንድ ልጅ በሃይላንድ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውሃ መስሎት ጠጥቷል። ተረፈ። እናቱ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ አጣች። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ልጁን እንዲያስመልስ አታድርጉ፤ ጋዙ ሲመለስ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ከምድጃ የወረደ ንጥር ቅቤ ሳይበርድ አትገልብጡበት። ጠርሙሱ ሟሽሾ ትኩሱ ቅቤ እግር ላይ ይፈሳል። መብላላቱን ያልጨረሰ ጠላ፣ ብርዝ ወይም ጠጅም ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉበት። ጠርሙሱ ተነፍቶ ሲጠነክር ከነካችሁት ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት።

ከሰል ለማያያዝ ሃይላንድ ወይም ፌስታል ማቃጠልን ተዉ። ብዙ ቤት ይደረጋል፣ አውቃለሁ። ጭሱ ግን መርዝ ነው፤ የሚተነፍሰውም ምድጃው አጠገብ ያለችው እናትና ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ጭራሮና ወረቀት ይበቃል።

ሥራውን ሲጨርስ

እያንዳንዱ ጠርሙስ አንድ ቀን ይሰነጠቃል ወይም ይሻግታል። ያኔ ከምግብ ትራፊ ጋር አትቀላቅሉት። ወጥ የነካው ፕላስቲክ ዋጋውን ያጣና በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ክምር ይሄዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ከዚያ ክምር ላይ ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚተዳደሩም አሉ። እኛ ቤት ተለይቶ የወጣ ጠርሙስ ለዚያ ሰው ሥራውን ያቀልለታል።

ስለዚህ አንድ ማዳበሪያ ለፕላስቲክ ብቻ መድቡ። ጠርሙሱን ጠብታ ሳይቀር አንጠፍጥፉ፣ በእጅ ጨፍልቁ፣ ከዚያ ክዳኑን ግጠሙ፤ አየር መልሶ እንዳይነፋው ነው። ክዳኑ ከሌላ ፕላስቲክ ስለሆነ ለብቻው ይለይ ብላችሁ አትጨነቁ። ፋብሪካ ሲገባ ይፈጭና ውሃ ውስጥ ይጨመራል፤ የጠርሙሱ ፍርፋሪ ይሰጥማል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል። ጥርት ያለውንና ባለ ቀለሙን ብትለዩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ጥርት ያለው የበለጠ ይፈለጋል።

ቆራሌው በሰፈራችሁ ሲያልፍ ጥሩትና ማዳበሪያውን አሳዩት። የበረኪና ወይም የጋዝ ዕቃ ካለበት በሌላ ፌስታል ለዩና ምን እንደነበረበት ንገሩት፤ እሱ የሚለየው በባዶ እጁ ነው።